እናቴ እና ሃይ ባይ ያጡት የጃፓን ተማሪዎች

ዛሬ እናቴ አንድ ክፍል ሙሉ የጃፓን ተማሪዎችን ሥርዓት ልታስይዝ ቡታጅራ ሳሎናችን ውስጥ ተነሳች።

ለእረፍት ጉብሬ ካለው ዩኒቨርሲቲዬ ስመጣ ከዶርም ጓደኞቼ በፍላሽ የገለበጥኩትን አኒሜ (የጃፓን ካርቱን) ቲቪው ላይ ሰክቼ እያየሁ ነበር። እማ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ታወልቃለች። አስተማሪ ናት፤ ያውም የአንደኛ ክፍል።

አኒሜው ላይ መምህሩ አንድ ነገር ሲያዝ ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ "ሃይ!" አሉ።

እማ አንድ ጫማዋን እንደያዘች ቀጥ አለች። "መምህራቸውን ነው ሃይ የሚሉት?"

"እማ፣ በእነሱ ቋንቋ እኮ..."

"ዝም በይ! ሃይ ባይ ያጡ! ይሄን እያየሽ ነው የምትውዪው?" ብላ ፍላሹን ልትነቅል ሄደች። ልብ በሉ፣ አኒሜው ላይ የመጨረሻው ፍልሚያ ሊጀመር ነው!

"ወላሂ እማ፣ በጃፓንኛ 'ሃይ' ማለት 'እሺ' ማለት ነው!"

እጇ ፍላሹ ላይ ቆመ። ልጆቹ ደግመው "ሃይ!" አሉ።

"ሁሉም? አንድ ላይ እሺ አሉ?" አለችና አጠገቤ ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው አየች። ሰው በሰይፍ ተራራ ሲሰነጥቅ ምንም አልመሰላትም። ያላመነችው ተማሪዎቹን ነው።

ሲያልቅ "ተነሺ ዳቦ ግዢ" አለችኝ።

"ሃይ!" አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። "በጃፓንኛ ከሆነ ተነሺ። በአማርኛ ከሆነ ግን እኔ እነሳለሁ።"

እናንተስ፣ ቤተሰብ አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ አኒሜ ሲያይ ምን ብሎ ያውቃል? ጻፉልኝ፤ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ሆኜ አነባለሁ።