የእህቴ ውፍረት

እህቴ ሁሩሙ ገበያ ማር ትሸጥ ነበር። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች እስከ መጨረሻው እትዬ ነበር የምላት። ከልጅነቷ ጀምሮ ቀጭን ናት። የገበያ ሴቶች «ማሩን ለሰው ሸጠሽ አንቺ ሰፈፉን ነው እንዴ የምትበዪው?» እያሉ ይስቁባታል።

አንድ ጊዜ ክረምቱ ሊወጣ ሲል በሚኒባስ መቱ መጣችና ከስፌት መኪናዬ ፊት ቆመች።

«ይቺ ቀሚስ ወገቤን ያዘችኝ፤ እስቲ ልቀቂልኝ።»

ሜትሬን አዞርኩባት። ካለፈው ልኳ አራት ጣት ጨምሯል። እልል ልል ምንም አልቀረኝ!

«እትዬ፣ በመጨረሻ ሥጋ ለበስሽ!»

«ምን ላድርግ፣ ማሩ አሸነፈኝ» ብላ ሳቀች። ሳቋን ሳል ቆረጠባት። ሰምቻለሁ፤ አልሰማሁም አልልም። የክረምቱ ብርድ ነው ብዬ የቀሚሱን ጎን ፈታሁላት። ስትመለስ መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ «ፉርዳቴ!» ይላታል፤ በኦሮምኛ ወፈርሽ ማለት ነው። እኛ ጋ ይሄ ምርቃት እንጂ ስድብ አይደለም፤ ኑሮ ተስማማሽ እንደማለት ነው።

ከመስቀል በኋላ እንደገና መጣች። የሚፈታ ስፌት ስላልነበረ በሁለቱም ጎን ጨርቅ ቀጠልኩበት። ከመናኸሪያው እኔ ቤት ድረስ ያለው ዳገት አጭር ነው፤ ሁለት ቦታ ተቀምጣ ነው የደረሰችው። «ያልለመድኩት ሸክም እኮ ነው» አለች ሆዷን መታ መታ እያደረገች። ጫማዋን ስታወልቅ የጫማው ጠርዝ ምልክት እግሯ ላይ ገመድ እንዳሰሩበት ጎድጉዶ ቀረ። ጋደም በይ ብላት ሦስት ትራስ እስክደርብላት ድረስ ትንፋሽ አጠራት። «እንደ ባላባት ሚስት ተቀምጠሽ ልትተኚ ነው?» ብዬ ቀለድኩባት። ከተናገርኩት ሁሉ መልሼ ብውጠው የምመኘው ይህን ነው።

በሦስተኛው ጊዜ ቀሚሱ ጠበበኝ ለማለት እንኳ ትንፋሽ አልበቃትም። ደግፌ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ያየን ወጣት ሐኪም ገና ምንም ሳይጠይቅ ጎንበስ አለና የቅልጥሟን አጥንት በአውራ ጣቱ ተጫነው። ጣቱን ሲያነሳ ጎድጓዳው እንደ ሊጥ እዚያው ቀረ።

«እናቴ፣ ይሄ ሥጋ አይደለም፤ ውሃ ነው።»

በልጅነቷ ጉሮሮዋንና ጉልበቷን ያማት እንደነበር ጠየቃት። ያማት ነበር። ያኔ የልቧ በሮች ተጎድተው ይሆናል አለን፤ ወደፊት የሄደው ደም እየተመለሰ መጀመሪያ ሳንባዋን፣ ቀጥሎ እግሯንና ሆዷን አጨናንቋል። «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ» አለና ወደ እኔ አየ። ሜትሬ አንገቴ ላይ ነበር።

ውሃውን የሚያስወጣ ኪኒን ሰጧት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያንኑ ቀሚስ ይዛ መጣች። «በይ አሁን ደግሞ አጥብቢው።» የቀጠልኩትን ጨርቅ አወለቅኩ፤ የፈታሁትን ጎን መለስኩ፤ አሁንም ሰፋት። ለካ እዚያ ውሃ ስር ሰውነቷ ሲያልቅ ነበር የከረመው። «ክርሽን በከንቱ አስጨረስኩሽ» አለችኝ፤ እኔን ለማጽናናት።

የሚቀጥለው ማር ሳይቆረጥ አረፈች።

በዚያው ዓመት ለፋሲካ በግ ሲታረድ ልቡን ለየሁና በቢላ ሰነጠቅኩት። ልጄ የትምህርት ቤት መጽሐፏን ይዛ አጠገቤ ተቀምጣ ኦሮምኛውን እያነበበች ታሳየኛለች። ልብ አራት ክፍል አለው፦ ሁለቱ በቀኝ፣ ሁለቱ በግራ። ቀኙ ሰውነት ዞሮ የመጣውን ደም ተቀብሎ ወደ ሳንባ ይልካል። ግራው ከሳንባ አየር ይዞ የተመለሰውን ተቀብሎ ወደ መላ አካል ይገፋል፤ ስለዚህ የግራው ግድግዳ ወፍራም ነው። በክፍሎቹ መካከል ያሉትን በሮች ነጫጭ ክሮች ከታች ወጥረው ይዘዋቸዋል፤ እኔ እንኳ እንዲያ አድርጌ አልሰፋም። መውጫው ላይ ሦስት ትናንሽ ኪሶች አገኘሁ። ውሃ አፈሰስኩባቸው። ወደ ውጭ ሲሄድ ኪሶቹ ግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ፤ ሲመለስ ውሃው ይሞላቸውና መንገዱን ይዘጋሉ። ስንት ዘመን ኪስ ሰፍቼ ኖሬ፣ እህቴ ውስጥ የተቀደደውን አላወቅኩም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛዬ ቀሚሷ ጠቧት መጣች። «ወፈርኩ አይደል?» አለችኝ ደስ ብሏት። ተንበርክኬ ቅልጥሟን በአውራ ጣቴ ተጫንኩ።

«ኧረ አንቺ ሴትዮ! እዚያ ታች ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ቁመቱን እየለካሁ ነው፤ ዝም ብለሽ ቁሚ።»

ጣቴን አነሳሁ። ምንም ጎድጓዳ አልቀረም። ሌላውንም እግሯን ተጫንኩ። ከዚያ በኋላ ነው ቀና ብዬ «እሰይ፣ ወፍረሻል» ያልኳት።