የእናቴ ጣት

ልጄን ቤት ውስጥ ሂሳብ ሳስተምር፣ መጽሐፉ ላይ ያሳረፍኩት ጣቴ ሽንኩርት ሸተተኝ። ሂሳቡ እኔንም አቅቶኛል።

እናቴ ትዝ አለችኝ። በደርግ ጊዜ ትምህርት ቤት የእግዜር ስም ስለማይነሳ፣ ጠዋት ጠዋት ቀራንዮ ሰፈር ባለችው ቤታችን ዳዊት የምታስደግመኝ እሷ ነበረች። ሽንኩርት የሚሸተውን ጣቷን ገጹ ላይ ታሳርፋለች፤ እኔ እሷን ተከትዬ እላለሁ።

ፊደል ከለየሁ በኋላ አንድ ቀን ልብ ብዬ ሳይ፣ አፏ መዝሙሩን ጨርሷል፤ ጣቷ ግን ገና የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። ለካ ማንበብ አትችልም፤ ሁሉንም በቃሏ ነው የምትለው።

«እማዬ፣ ጣትሽ ወደ ኋላ ቀረ» አልኳት።

አላፈረችም። «የኔስ ይቅር። ያንቺ እንዳይቀር ብዬ ነው» አለችኝ።

ጣቷን ይዤ ወደሚቀጥለው መስመር አወረድኩላት።

«እማዬ፣ እዚህ ጋ ተሳስተሻል» አለች ልጄ፣ ጣቴን ይዛ።