ወደ ውስጥ የምትሳብ እሺታ

ከደብረ ታቦር በወጣሁ ዋዜማ፣ ምሽቱን ሙሉ እናቴ አንድም ቃል አልተናገረችም። ሻንጣዬን እየጠቀጠቅሁ፣ «በየእሑዱ እደውላለሁ» ስላት፣ «እ!»፤ «ትምህርቱ ሲያልቅ እመለሳለሁ» ስላት፣ «እ!»። ያችን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን የምንላትን «እ» ማለቴ ነው፤ መቼም ታውቋታላችሁ። ለካ ከዕቃዬ ሁሉ ትልቋን በደረቴ ይዤ ነው የሄድኩት።

እኔ ዘግይቼ የተማርኩ ነኝ። አንደኛ ክፍል ስገባ ታናሽ ወንድሜ አራተኛ ደርሶ ነበር። ለዚያ ነው መሰለኝ ነገር በልኩ ካልሆነ አይዋጥልኝም፤ ፊዚክስን የወደድኩትም፣ ጀርመን አገር ድረስ የሄድኩትም በዚሁ አመሌ ነው። ብርዱ ለጉና ልጅ ብርቅ አይደለም። ድንቹም ድንች ነው፤ በርበሬ የሚያዝንለት አጣ እንጂ። ያስቸገረችኝ ያቺው «እ» ናት። አከራዬ፣ ደረጃ ስትወጣ እንኳ ሰዓቷን የምታይ አሮጊት፣ የቤቱን ሕግ ስትነግረኝ፦

«ቆሻሻ እየለየሽ ነው የምትጥይው።»

«እ!»

«እሑድ ልብስ ማጠብ የለም።»

«እ!»

«አስም አለብሽ?»

«የለብኝም።»

«ታዲያ ምን ያስደነግጥሻል?»

«እሺ ማለቴ ነው።»

«እሺ ከሆነ ወደ ውጭ በያት እንጂ! ለምን ትውጫታለሽ?»

ከዚያ ወዲህ እሺ ለማለት እንደ ጀርመኖቹ «ያ» ማለት ለመድኩ፤ ወደ ውጭ።

የጥናት ሥራዬ ሆስፒታል ውስጥ ነው። የሳንባ ካንሰር ያለበት ሰው ሲቲ ስካን ሲነሳ፣ ኮምፒውተር ከምስሉ ላይ እብጠቱን ይለካል፤ ስፋቱን፣ የጠርዙን መሻከር፣ የውስጡን ዝንጉርጉርነት። ችግሩ፣ ሳንባ ቁጭ ብሎ አይለካም። ነፋስ የሚያወዛውዘውን የገብስ ማሳ ፎቶ አንስታችሁ ዛላ ከዛላ ለዩ እንደመባል ነው፤ ጠርዙ ይደበዝዛል፣ ቁጥሩም ይዋሻል። እብጠቱ ከሳንባው ግርጌ ከሆነማ በአንድ ትንፋሽ ብዙ ይጓዛል። ስለዚህ ታካሚው «ሉፍት አንሃልተን» ይባላል፤ ትንፋሽ ያዝ ማለት ነው። እኔ የማጠናው እንግዲህ ያ ትንፋሽ ቁጥሮቹን ምን ያህል እንደሚያዛባ ነው።

አንድ ቀን ከታካሚዎቹ መካከል ያገሬን፣ የአንበሳሜን ሰው አገኘሁ። አያ ደምሌ፣ እዚያው ጀርመን አርጅተው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር፣ አዲስ መድኃኒት የሚሞከርላቸው። ታሪካቸውን ልጻፍ ብዬ ሳስፈቅዳቸው፣ «ስሜን ለውጠሽ፣ መልኬን አሳምረሽ ጻፊ» ብለዋል። ሁለተኛው ምስላቸው ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር እብጠቱ ሰፍቶ፣ ጠርዙም ተበታትኖ ታየ። እውነት አድጎ ከሆነ መድኃኒቱ ሊቋረጥባቸው ነው። ትኩር ብዬ ሳይ ግን የጎድን አጥንታቸውም ድርብርብ ሆኗል፤ ተንቀሳቅሰዋል ማለት ነው። ሐኪማቸውም ይህንኑ ጠርጥራ ኖሮ እንደገና ይነሱ አለች።

ሲነሱ እኔም ከመስታወቱ ወዲህ ቆምኩ። ምስል አንሺዋ ሌና ደግ ልጅ ናት። በመጀመሪያው ጊዜ ያዘዛቸው የተቀዳ የማሽን ድምፅ ነበር፤ በሁለተኛው ግን እንዳይፈሩ ብላ በራሷ አፍ አናግራቸዋለች። አሁንም መሣሪያውን ሳታስነሳ ልታለማምዳቸው፣

«ሉፍት አንሃልተን፣ አቶ ደምሌ። ይዘዋል?» አለች።

ከድምፅ ማጉያው፣ «እ!»

ደረታቸው ብድግ አለ።

ሳቄ አመለጠኝ። ለማሽን ማን ይመልሳል? ሰው ሲጠይቅ ግን ዝም አይባል! ለሌና ነግሬያት ወደ ውስጥ ገባሁ።

«አያ፣ ስትጠይቅዎ አይመልሱላት።»

«ሰው ሲያናግረኝ ዝም ልበል? አንቺ፣ ነውር የሚባለውን እዚያው አገር ቤት ጥለሽው መጣሽ?»

«መሣሪያው እስኪያበቃ ብቻ ባለጌ ይሁኑልኝ።»

«እ!» አሉና ራሳቸውም ሳቁ።

ምስሉ ጥርት ብሎ ወጣ። ቁጥሮቹ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ተቀራረቡ፤ እብጠቱ አላደገም። ሐኪሟ መድኃኒቱ እንደሚቀጥል ስትነግራቸው፣ አያ ደምሌ ከኪሳቸው የገብስ ቆሎ አውጥተው እሷንም ሌናንም እኔንም አዘገኑን።

«የጉና ገብስ ነው፤ ጥርስ ካላችሁ!»

ያ ጸጥ ያለ ኮሪደር በቆርጣሚ ተሞላ።

እሑድ ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። ሳቀች፣ ሳቀችና፣ «እሰይ! እንኳን ቀናቸው። አንቺስ፣ ለፋሲካ ትመጫለሽ?» አለች።

መልሴ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ጥናቱ ገና ነው፣ በዚህ ዓመት አይሆንም የሚል፣ በልኩ የተለካ መልስ። አፌን ስከፍት ግን ትንፋሼ ወደ ውስጥ ገባ።

«እ!»

«ተመስገን!» አለች እናቴ።

ትኬት አልቆረጥኩም፤ ፈቃድም አልጠየቅሁም። ያችን ትንፋሽ ግን እስካሁን አላስወጣኋትም።