የአንድ ቁንጥጫ እርድ

እናቴ ለፊት የሚሆን ነገር ሱቅ ውስጥ ይገኛል ብላ አታምንም። ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ጠባብ ኩሽናችን ለእሷ ግማሽ ማድ ቤት፣ ግማሽ የውበት ሳሎን ናት። አብሽ ለፀጉር፣ እሬት ለፀሐይ ቃጠሎ፣ ማር ለደረቀ ከንፈር። ሐቁን ለመናገር ብዙው ሠርቶልኛል። ተማሪ ሳለሁ ፀጉሬ ሲነቃቀል በአብሽ የመለሰችልኝ እሷ ናት፤ ከሽታው የተነሳ ግን ሁለት ወር ሙሉ ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፋ። እንቁላልም ቀብታኝ ታውቃለች። እኔ ደግሞ በሙቅ ውኃ ታጥቤው ፀጉሬ ላይ ፍርፍር ሆኖ ቀረ፤ ስንለቅም ዋልን።

ከኩሽና የወጣ ነገር ሰው አይጎዳም ትላለች። በርበሬስ ከየት ነው የሚወጣው ስላት ትስቃለች እንጂ አትረታም።

የዛሬው ባለቤቴ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን የነገረኝ ጊዜ ሁለቱም ጉንጮቼ ላይ ማድያት ነበረብኝ። ቤተሰቦቹ አይተውኝ አያውቁም። አባቱን በልጅነቱ ስላጣ ያሳደጉት አጎቱ ናቸው፤ ሽማግሌ ሆነው የሚመጡትም እሳቸው። እሳቸው ያልወደዱት ነገር እዚያ ቤት አይሆንም ሲባል ሰምቻለሁ። እንዲወዱኝ ፈለግሁ። ያን ሰሞን ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

እናቴ መድኃኒቱን ነገረችኝ፤ አንድ ቁንጥጫ እርድ በእርጎ፣ ለሩብ ሰዓት ብቻ፣ ከዚያ መታጠብ። ቅዳሜ ጠዋት ይህን ብላኝ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ለቅሶ ልትደርስ ወጣች። እኔ ደግሞ የእናቴን ቁንጥጫ የማውቀው በልጅነቴ ጭኔ ላይ ነው፤ ትንሽ ነገር አልነበረም። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ጨመርኩ። እርጎ ስላጣሁ በቅቤ ለወስኩት። ጥሩ ነገር ሲበዛ ምን ይጎዳል ብዬ ግማሽ ቀን ተለቅልቄው ዋልኩ።

እናቴ ከለቅሶ ስትመለስ ነጠላዋን እንኳን ሳታወልቅ መስኮቱ ጋ ወስዳ አቆመችኝ።

"ስንት አደረግሽበት?"

"ቁንጥጫ አላልሽኝም?"

በወተት አሸችኝ፣ በሽምብራ ዱቄትና በሎሚ አሸችኝ፣ በመጨረሻ በልብስ ሳሙና ፈተገችኝ። ሎሚው ጉንጬን አቃጠለኝ እንጂ ቢጫው ንቅንቅ አላለም። አባቴ ብቅ ብሎ አየኝና አደይ ያለ ወሩ ፈነዳ ብሎን ወደ ጋዜጣው ተመለሰ። ሦስታችንም ሳቅን፤ እኔ ግን ወዲያው ለቅሶዬ መጣ።

እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ደረጃውን እያለከለኩ ወጡ። እንደ ወጉ የመጡበትን ሳይናገሩ አንቀመጥም አሉ፤ ተናግረው ተቀመጡ። አጎትየው ልጅቷን ብናያት ብለው ጠየቁ። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ገባሁ። እስቲ ገለጥ አድርጊው ልጄ አሉኝ። ገለጥኩት። ብዙ አዩኝ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ወለሉ መለሱ። ከዘመድ ተማክረን እንመልስላችኋለን፣ በሁለት ሳምንት ኑ አላቸው አባቴ። ይሄም ወግ ነው።

ደረጃው ላይ አጎትየው አባቴን ለብቻው ጎተት አድርገው፣ ይቺ ልጅ የወፍ በሽታ ይዟታል፣ ጉበት ደግሞ ቀልድ አያውቅምና አትዘናጉ አሉት። አባቴ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ተመለሰ። እናቴ ለምን እውነቱን አልነገርካቸውም ብላ ተቆጣችው።

"ለልጃችን ስትል ተለቀለቀች ከሚሉኝ፣ ታማለች ይበሉኝ" አለ።

ከሰዓት በኋላ ለእጮኛዬ ደውዬ እርድ ነው አልኩት። መጀመሪያ እርድ ብቻ ነው ብሎ ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ ቀጥሎ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ለአጎቴ እኔ እነግራቸዋለሁ አለኝ። ሳቁ ግን አላረጋጋኝም፤ ያን ወደ ወለሉ የተመለሰ ዓይን ያየሁት እኔ ነኝ። ሁለቱን ሳምንት ምግብ እንኳን በቅጡ አልበላሁም። ቢጫው በአምስተኛው ቀን ለቀቀ። ማድያቱ ዛሬም አለ። የእናቴን እሬትና አብሽ እስካሁን እቀባለሁ፤ እርድ ግን ወጥ ውስጥ ይግባ ብያለሁ።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው መጡ። እኔና እናቴ ኩሽና በር ኋላ ተጣብቀን ቆምን። አጎትየው አልተቀመጡም።

"ባለፈው ከዚህ ወርጄ መንገድ ላይ ለልጁ ደወልኩለት" አሉ። "ልጅቷ ጉበቷን ታማለችና ነገሩን እናቆየው አልኩት። የእርዱን ነገር ገና ማናችንም አልሰማንም ነበር። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ከታመመችማ ቶሎ ይሁን እንጂ፣ ማን ሊያስታምማት ነው አለኝ። እኔ ከዚህ በኋላ የምለው የለኝም።"

እጮኛዬ እየሳቀ ስልኩን የዘጋው ቀን ይህን አልነገረኝም ነበር። እናቴ እጇን ወደ ክንዴ ሰደደችና በሁለት ጣቷ ጫፍ ቆነጠጠችኝ፤ ከመነካት የማይበልጥ ነገር ነበር።

"ቁንጥጫ ማለት ይቺን ታክላለች" አለችኝ በጆሮዬ።