ፓሪስ የተኛሁባት ወንበር

ሲያትል ኤርፖርት ስለምሠራ ትኬት በቅናሽ አገኛለሁ። አንድ ቅዳሜና እሁድ፣ ከሥራ እንደወጣሁ ሳላርፍ፣ ታናሽ እህቴን ይዤ ፓሪስ ሄድኩ። እሷ ለዘመድ የሚላክ ፎቶ የሚያምርበትን ቦታ ስታሳድድ፣ እኔ የምትቀያይራቸውን የሐበሻ ቀሚሶች ተሸክሜ ከድልድይ ድልድይ ተንከራተትኩ።

«ኦኬ፣ ይቺ የመጨረሻ!» ትላለች። የምን የመጨረሻ! በኋላ እግሬ ሲዝል፣ ወንዙ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ቀሚሶቿን ተንተርሼ ተኛሁ። ጥልፉን አጨማደድሽው ብላ ጮኸችብኝ፤ ፎቶ ካነሳችኝ በኋላ ነው ታዲያ።

ሲያትል አጠገብ ቡሪየን ወዳለው ቤታችን ስንመለስ ፎቶዎቹን በሙሉ አገር ቤት ለእማዬ ላክንላት። ስትደውል የእህቴን ቀሚሶች አላነሳችም።

«የተኛሽበትን ፎቶ አሳጥቤ ሳሎን ሰቀልኩት» አለችኝ። «አሜሪካ ከገባሽ አርፈሽ ያየሁሽ አሁን ገና ነው።»