መርዶ ይዤ ወደ ሰው አልባዋ መርከብ

ንጋት፣ አፉላ ባቡር ጣቢያ

ከቤት ስወጣ ገና ወገግ አላለም። ሚስቴ የበዓል ኮቴን ተኩሳ በሩ ላይ ሰቅላዋለች። እኔ ዘወትር የምለብሳትን ጃኬት ነበር የፈለግሁት። «ሽማግሌ ሆኖ የተላከ ሰው በጃኬት?» አለችኝ። ከእሷ ጋር ከምነታረክ ብዬ ኮቱን ለበስኩት።

እትዬ ትርንጎ ቀድመውኝ ደርሰዋል። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዳቦና ቆሎ በፌስታል ይዘው፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ጎረቤቴ ናቸው፤ በዕድሜም ይበልጡኛል። ልጃቸው ታደለ የመርከብ መሐንዲስ ነው። ከእኛ ሰፈር የመጀመሪያው! ባሕር ማለት ጣና ነው ብለን ካደግን ሰዎች መሐል የመርከብ ሞተር የሚያዝ ልጅ ሲወጣ መንገዱ ሙሉ ነበር የጨፈረለት።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት እሱ የሚሠራባት ትንሽ የጭነት መርከብ ባሕር መሐል ስትንሳፈፍ ተገኘች። ሞተሯ ጠፍቷል፤ ነፍስ ያለው ሰው የለባትም። ጎትተው ሃይፋ ወደብ አስገቧት። ሲፈለግ ከረመ፤ አሁን ፍለጋው ቆሟል፤ ለእናቱ ግን ይህ ገና አልተነገራቸውም። ዛሬ ለቤተሰብ የልጁን ዕቃ እንዲያነሱ ፈቅደዋል።

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ይላካል፤ የሚደግፍ ሰው በአካባቢው ይቆማል። ትናንት ሽማግሌዎቹ መከሩና «መርከቧን በዓይኗ ትያት፤ ከዚያ አንተ ንገራት። ስትመለስ እኛ ጣቢያው ላይ እንጠብቃታለን» አሉኝ። ለምን እኔ? ዕብራይስጥ ይችላል፣ ወሬም ያውቅበታል ተብዬ ነዋ። ወሬ የሚያውቅ ሰው መርዶ ያውቃል ያለው ማን እንደሆነ እንጃ።

ባቡሩ ውስጥ

ፉርጎው ወደየጦር ሰፈራቸው በሚመለሱ ወታደሮች ተሞልቷል። ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው አንቀላፍተዋል። አንዲት የእኛው ልጅ፣ ወታደር፣ ብድግ አለች። «እማማ፣ ሽቪ፣ እዚህ ቁጭ በይ።»

እትዬ ትርንጎ ተቀመጡና የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቁ። ነገረቻቸው። አያቷን ከጎንደር ያውቋቸዋል፤ መቼስ የማያውቁት ሰው የለ።

«ወደ ሃይፋ ለምንድነው ምትሄጂው?» አለች ልጅቷ።

«ልጄ መርከበኛ ነው። የሚሠራባትን መርከብ ላያት ነው።»

«ዋላ! መርከብ ላይ? የእኛ ሰው?»

«የእኛ ሰው። ያውም መሐንዲስ» አሉ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው።

«ነው» ነው ያሉት፤ «ነበር» አላሉም። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ ዞርኩ።

ውጭው ያምራል። ታጭዶ ያለቀ የስንዴ ማሳ፣ የዓሣ ኩሬ፣ የጥጥ እርሻ፣ ከወዲያ የቀርሜሎስ ተራራ። ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ሁሉ ዓይቼ ዝም አልልም ነበር።

የሰው አልባ መርከቦች ታሪክ ድሮም ነፍሴ ነው። ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ፕላስቲክ ፋብሪካ ስሠራ ማሽኑ አጠገብ ለጓደኞቼ የማወራው እሱን ነበር። ሸራዋ እንደተዘረጋ፣ ምግቡ ጠረጴዛ ላይ እንደቀረበ፣ ሰዎቿ የት እንደገቡ ሳይታወቅ የተገኘች መርከብ። አንዱ የባሕር ወንበዴ ነው ይላል፣ አንዱ ማዕበል፣ አንዱ ደግሞ እርስ በርስ ተላልቀው ነው ይላል። እንቆቅልሽ ሲሆን ይጥማል። የጠፋው ሰው እናት አጠገብህ ቁጭ ብላ ቆሎ ስትዘግንልህ ግን አፍ ይዘጋል።

ረፋድ፣ ሃይፋ

ከጣቢያው እንደወጣን ቡሬካስ የሚሉትን የአይብ ሳንቡሳ ገዛሁ። በዚያ ገንዘብ አፉላ መሀል ከተማ ሁለት ሰው ጠግቦ ይበላል፤ እዚህ ግን የባሕሩን አየር ጨምረው ሳይሸጡልኝ አልቀሩም። እትዬ ትርንጎ አልቀመሱም። «ቅድሚያ መርከቧን» አሉ።

ወደቡ በር ላይ የተቀበለን ሳሻ የሚባል የወደቡ ሠራተኛ ነው፤ ከሩሲያ የመጣ፣ ጠጉሩ የሸበተ። እናትየዋን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። ደስ አለኝ።

መርከቧ ካሰብኳት ታንሳለች። ቀለሟ ተልጧል፣ ጎኗ ዝጓል፤ በወፍራም ገመድ ታስራ ትወዛወዛለች። መሰላሉን እትዬ ትርንጎ ቀድመውኝ ወጡ።

«ዕድሜዬን ባሕር ላይ ነው የጨረስኩት» አለኝ ሳሻ። «ይቺ ግን አልገባችኝም። ሞተሩን ሰው በሥርዓት አጥፍቶታል። ሬዲዮው ይሠራል። ጠብታ ውሃ አልገባባትም። የሌለችው የነፍስ አድን ጀልባዋ ብቻ ናት። ደህና መርከብ ትቶ ምን ፍለጋ ይወረዳል?»

ተረጎምኩላቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «ክፍሉን አሳየኝ» አሉ።

ጠባብ ናት። አልጋው ተነጥፏል። ስልኩ አለ፣ ጥሩው ጫማው አለ፣ ያን የመሰለ የቆዳ ቦርሳው አለ። ግድግዳው ላይ የእናቱ ፎቶ። እትዬ ትርንጎ አላለቀሱም። ቁም ሣጥኑን ከፈቱ፣ ፍራሹን አነሱ፣ ጎንበስ ብለው ከአልጋው ሥር አዩ። ከዚያ ቀና አሉ።

«ጋቢው የታል?»

ለሳሻ «ትልቅ ነጭ ብርድ ልብስ» አልኩት። ከዚህ ክፍል ማንም አንዲት ነገር አላነሣም፣ እስከ ዛሬ ታሽጎ ነው የቆየው አለ። ግራ ተጋብቶም «በዚህ በጋ ብርድ ልብስ ለምን ይወስዳል?» ብሎ ጠየቀ።

እትዬ ትርንጎ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። «ጠይቅልኝ፤ መርከቧ ላይ ሽማግሌ ነበረባት?»

«ካፒቴኑ» አለ ሳሻ። «ያረጀ ሰው ነው። ታሞ ነበር ይባላል።»

«በቃ» አሉ። ፊታቸው በራ።

ያን ጋቢ እኔም አውቀዋለሁ። ከአዲስ አበባ ወደዚህ አገር በአውሮፕላን በመጣን ቀን ታደለ በዚያ ጋቢ ታዝሎ ነበር። ወንበሩ በተነቀለ ወለል ላይ ተደራርበን ቁጭ ብለን ሳለ አንድ አዛውንት ብርድ ያንዘፈዝፋቸው ጀመር። እትዬ ትርንጎ ሕፃኑን ፈትተው በነጠላቸው ጠቀለሉትና ጋቢውን እስክንወርድ ድረስ ለሽማግሌው ደረቡላቸው። ልጁ ካደገ በኋላ ይህን ታሪክ እስኪሰለቸው ነገሩት። መርከበኛ ሆኖ ሲሄድም «ከአንተ የባሰበት አይጠፋም» ብለው ጋቢውን ሰጡት።

«የደነገጠ ሰው ስልኩን ይይዛል» አሉኝ። «ልጄ ስልኩን ትቶ ጋቢ ይዞ ወጣ። ያን የታመመ ሰውዬ አልብሶት ነው የወረደ። እንዲህ ነው ያሳደግሁት!»

ሳሻ «ምን አሉ?» አለኝ። ስነግረው የያዘውን ባርኔጣ ደረቱ ላይ አደረገ። ከዚያ «እንዲህ ያለ መርከበኛ ቢኖረኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለ። ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው፤ ምንም አልጨመርኩበትም።

መመለሻ

ለምን እንደወረዱ አሁንም የሚያውቅ የለም። ጋቢም ባሕር አያሻግርም፤ ይህን እኔም አላጣሁትም። ግን መርዶውን ሳልናገር ባቡር ተሳፈርን።

ባቡሩ ተራራውን ትቶ ሸለቆው ውስጥ ሲገባ እትዬ ትርንጎ ዳቦውን ቆረሱልኝ። «እንካ። ከጠዋት ጀምሮ አፍህ ውስጥ የያዝከውን በዚህ አውርደው።»

«ምኑን?»

«ኧረ ተው፣ አንተ ልጅ! በአዘቦት ቀን ኮት ለብሰህ አታውቅም። አንድ የመርከብ ወሬ እንኳ ሳታወራ ዋልክ። አላውቅ መስሎህ?»

«ታዲያ እያወቁ ለምን መጡ?»

«ልጄ የሚሠራበትን ቤት ላየው ነዋ።»

መዋሸት አልሆነልኝም። «እትዬ፣ ፍለጋው ቆሟል» አልኳቸው።

«እነሱ ይቁሙ። እኔን ቁሚ ያለኝ የለም።»

ዳቦውን በላሁ። ኮራሁባቸው፤ እንደዚያ ቀን በሰው ኮርቼ አላውቅም።

አፉላ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ሽማግሌዎቹ እንዳሉት መድረኩ ላይ ተሰልፈዋል። ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። እሳቸው መርዶውን ተቀብለው የሚመለሱ መስሏቸው ለቅሶውን ይዘው ነው የጠበቁን። እትዬ ትርንጎን ሲያዩ አንዷ ጮኻ ልታለቅስ አፏን ከፈተች።

እትዬ ትርንጎ ሳይቸኩሉ ወረዱ፤ ቀጥ ብለው ወደ እሷ ሄዱ። የሴትዮዋን ነጠላ ከትከሻዋ አንሥተው፣ ጥለቱን አገላብጠው፣ እንደ ደህና ቀን አለበሷት።

«ልጄ ሽማግሌ ይዞ መንገድ ወጥቷል» አሉ። «ለመንገደኛ አይለቀስም።»

ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ ኮቴን አወለቅሁና ክንዴ ላይ ጣልኩት። ከዚያ ከኋላ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ፈትተው ማቃናት ጀመሩ። ሌሎቹም ተከተሉ።