ልጄ ያዳነቻት እናት

ፖሊሶች ልጄን ፈልገው ቤቴ መጡ። ስብሰባ ላይ የማይሆን ነገር ተናግራለች ይላሉ። «እዚህ የለችም» አልኳቸው፤ እውነቴን ነው፣ ያልወደድኩላትን ሰው አግብታ ከሄደች ወዲህ ደጄን ረግጣ አታውቅም። እኔኑ ይዘውኝ ዲላ ገቡ። የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት የእርጥብ ብርድ ልብስ ሽታ ተቀበለኝ። ጥግ ላይ ልጄ ተቀምጣለች። ለካ ሌሎች ፖሊሶች ቀንቷቸው ከመንገድ ይዘዋታል።

ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ፤ ፊቷን ግን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ዋለ።

«እማማ፣ እስቲ ጨዋታ አምጡ» አሉኝ አብረውን የታሰሩት ሴቶች።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። መጽሐፍ የማውቀው በጆሮዬ ነው። መንደራችን ሬኮ፣ ቡናው ከተሰጣበት የማድረቂያ አልጋ ላይ የተበላሸውን ፍሬ ስለቅም፣ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ከማዶ ቆማ ታነብልኝ ነበር። አይ ያ ጊዜ! ዝናብ ሲመጣ እኔ ቡናውን ለመሸፈን ስሮጥ፣ እሷ መጽሐፉን በቀሚሷ ሸፍና ትሮጣለች። ከነዚያ አንዱን፣ የጠፋ ልጇን ፍለጋ ስለወጣች እናት የሚያወራውን፣ አጫወትኳቸው።

«ከዚያ ልጇን ይዛ ቤቷ ገባች፤ እሳት አነደደች» ብዬ ጨረስኩ።

አንዲት መምህርት ሳቀች። «እማማ፣ እኔም አንብቤዋለሁ እኮ። እናትየዋ መንገድ ላይ ትሞታለች።»

«ምን ትሞታለች! በጆሮዬ የሰማሁትን?»

ሁሉም ሳቁ። ልጄ ብቻ አንገቷን ደፋች።

«ልክ ናት፣ ትሞታለች» አለች። «እኔ ነኝ ያዳንኳት።»

«ለምን?»

«ታለቅሻለሽ ብዬ ነዋ፣ እማዬ።»

እማዬ አለችኝ! እጇን ያዝኩት፤ በረዶ ሆኗል። በነጠላዬ ሸፈንኩት። «በይ አሁን እውነተኛውን ንገሪኝ» አልኳት። መናገር እንደጀመረች ዘበኛው በሩን ከፈተ።

«አንቺ! ለምርመራ ተነሽ!»

«ልጄ፣ ትንሽ ታገሠን» አልኩት። «አንዲት ሴት እየሞተችብን ነው።»

«የቷ?» አለ ደንግጦ።

«የመጽሐፍ ናት።»

«እማማ፣ እዚህ የተረት ቤት መሰለዎት?» አለ። ግን በሩን ተደግፎ ቆመ። ልጄ እስክትጨርስ ጠበቀ። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ተነሳች፣ ፀጉሯን አስተካከለች፣ ቀና ብላ ወጣች።

ኋላ ሁለታችንም ተፈታን። ዛሬ መጽሐፍ ይዛ እየመጣች ታነብልኛለች። መጨረሻው ሲያምር «የመጽሐፉ ነው ወይስ ያንቺ?» እላታለሁ፤ ትስቃለች። ይህንንም እኔ እየነገርኳት የጻፈችው እሷ ናት። ዘበኛውን ከነበረው ይበልጥ ደግ አድርጋው እንደሁ እንጃ።